የአየር መንገዶችን የካርቦን ሸክም እንዴት እንለካ፣ እንዴትስ እናወዳድር? ከሰሜን ሸዋ ለሚነሣ መንገደኛና ዕቃ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ከደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የሚገዛ የአውሮፓ ደንበኛ ከዋጋና ከጥራት ቀጥሎ “ዕቃው እጄ እስኪገባ ምን ያህል ካርቦን ወጣበት?” ብሎ መጠየቅ ለምዷል። መንዝ ጓሳ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ሊያዩ የሚመጡ እንግዶችን የሚቀበል አስጎብኚም ይኸው ጥያቄ ይደርሰዋል። ለስብሰባ ባሕር ማዶ የሚሄድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ደግሞ ገንዘብ ሰጪው በላከለት ቅጽ ላይ “የጉዞ ልቀት” የሚል ባዶ ሣጥን ያገኛል። ብዙ ሰው ሣጥኑን የሚሞላው ትኬት ሲፈልግ ያየውን ቁጥር ገልብጦ ነው። ቁጥሩ ምኑን ቆጥሮ ምኑን እንደተወ ሳይጣራ ከሌላ አየር መንገድ ቁጥር ጎን ይቀመጣል። ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ገበያ ውስጥ አንዱ ገብሱን በቁና፣ ሌላው በኪሎ እየሸጠ “የማን ረከሰ?” ቢባል መጀመሪያ መስፈሪያውን አንድ ማድረግ ግድ ነው። አየር መንገድም እንደዚያው ነው። ከዚያ በኋላ የሚቆጠረው አንድ ሰው ወይም አንድ ኪሎ ዕቃ ከተነሣበት ደጅ እስከ መድረሻው ያቃጠለው ነዳጅ ነው። ማስታወቂያው ላይ ያለው አረንጓዴ ቅጠል አይቆጠርም። ለሥራው ስልክ፣ ወረቀትና ትኬቱ ይበቃሉ።

ደረጃ 1፦ መስፈሪያውን መወሰን

አውሮፕላን የሚያቃጥለው ጄት ነዳጅ በኩራዝ የምናውቀው የላምባ የቅርብ ዘመድ ነው። አንድ ኪሎ ጄት ነዳጅ ሲቃጠል 3.16 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ከአንድ ኪሎ ከሦስት ኪሎ በላይ መውጣቱ የሚገርመው ሰው አይጠፋም። ነዳጁ ውስጥ ያለው ካርቦን ሲነድ ከአየሩ ኦክስጅን ስለሚይዝ ክብደቱ ይጨምራል። ነዳጁ በሊትር ከተሰጠዎት መጀመሪያ በ0.8 አባዝተው ወደ ኪሎ ይቀይሩት፤ አንድ ሊትር 0.8 ኪሎ ገደማ ይመዝናል።

ይህ 3.16 የሚቆጥረው ሞተሩ ውስጥ የነደደውን ብቻ ነው። ድፍድፉ ከጉድጓድ ሲወጣ፣ ሲጣራና ሲጓጓዝ የሚወጣው ጋዝ ሲጨመርበት በአንድ ኪሎ ነዳጅ ወደ 3.84 ኪሎ ይደርሳል። ልዩነቱ 21.5 በመቶ ነው። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ ኢካኦ፣ ያዘጋጀው ማስሊያ የሚጠቀመው የመጀመሪያውን ነው። “ትራቭል ኢምፓክት ሞዴል” በሚባለው ዘዴ የሚሠሩት የትኬት መፈለጊያ ገጾች ደግሞ የነዳጁን ምርት ጨምረው ይቆጥራሉ። አንዱን አየር መንገድ ከዚህ፣ ሌላውን ከዚያ ቢያዩ አንዲት ሊትር ነዳጅ ሳትለይ አንዱ በአንድ አምስተኛ ያህል የባሰ መስሎ ይታያል።

ለውጭ ገዢ ለሚቀርብ ሪፖርት 3.84ን ይያዙ፤ የትራንስፖርት ልቀትን የሚመለከተው አይኤስኦ 14083 የተባለው መለኪያ የነዳጁን ምርት አብሮ እንዲቆጠር ይጠይቃል። እዚህ ምሳሌዎቹን በ3.16 እንሠራለን፤ በመጨረሻ በ1.215 ማባዛት ብቻ ነው። የመረጡትን ቁጥር ወረቀቱ አናት ላይ በጉልህ ይጻፉት።

ደረጃ 2፦ በትክክል የሚበረው አውሮፕላን የትኛው ነው?

ትኬቱ ላይ የተጻፈው የአየር መንገድ ስም ሁልጊዜ የሚያበርረው ድርጅት ስም አይደለም። አየር መንገዶች መቀመጫ እየተጋሩ ይሸጣሉ፤ ይህም ኮድ ሼር ይባላል። የአንዱን ትኬት ገዝተው የሌላው አውሮፕላን ውስጥ ይገባሉ። ከበረራ ቁጥሩ በታች በትናንሹ “የሚያበርረው” የሚለውን መስመር ያንብቡ፤ የሚለካው እሱ ነው።

ቀጥለው የአውሮፕላኑን ዓይነት፣ የሚያርፍባቸውን ቦታዎችና የመቀመጫውን ክላስ ይመዝግቡ። የአውሮፕላኑ ዓይነት ከዕድሜው ይልቅ ብዙ ይናገራል። ቦይንግ 787 የተሠራው ከእሱ በፊት ከነበረው 767 አንጻር 20 በመቶ ያህል ነዳጅ እንዲቆጥብ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይህን አውሮፕላን በአፍሪካ የመጀመሪያው ሆኖ የተረከበው እ.ኤ.አ. በ2012 ሲሆን፣ ኤርባስ ኤ350ን ደግሞ በ2016 ነው። ስለዚህ አሥር ዓመት የሞላው 787 በአሮጌ ሞተር ከሚሠራ ወጣት አውሮፕላን ሊሻል ይችላል። “የአውሮፕላኖቻችን አማካይ ዕድሜ ይህን ያህል ነው” የሚል ማስታወቂያ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ደረጃ 3፦ ርቀቱን መለካት

የሚያስፈልገው በሁለቱ ኤርፖርቶች መካከል በምድር ክብነት ላይ የሚሰመረው አጭሩ መስመር ነው። ከቦሌ ወደ ጅዳ 1400 ኪሎሜትር ገደማ፣ ወደ ዱባይ 2520፣ ወደ ፍራንክፈርት 5350፣ ወደ ዋሽንግተን 11560 ኪሎሜትር ገደማ ነው። አውሮፕላን ግን በቀጭን ክር ላይ አይሄድም፤ ተራ ይጠብቃል፣ ማዕበል ይሸሻል። ለዚህ የኢካኦ ዘዴ ጭማሪ አለው፦ ከ550 ኪሎሜትር በታች ለሆነ በረራ 50፣ እስከ 5500 ለሚደርሰው 100፣ ከዚያ በላይ ለሆነው 125 ኪሎሜትር ይጨመራል። ጭማሪው ለእያንዳንዱ በረራ ለየብቻ ነው። ትራንዚት ካለ ሁለት ጊዜ ይጨመራል፤ ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው።

ጦርነት የዘጋው ሰማይ በዚህ ጭማሪ አይሸፈንም። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሱዳን ሰማይ ሲዘጋ፣ ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ በዚያ ያልፍ የነበረ በረራ ዞሮ ለመሄድ ተገዷል። በረራን በቀጥታ በካርታ የሚያሳዩ ገጾች ላይ የሦስት ወይም የአራት ቀን መስመር አይተው እውነተኛውን ርቀት ይውሰዱ።

ሌላው ወጥመድ “ደርሶ መልስ ማለት የመሄጃው እጥፍ ነው” የሚለው ግምት ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፍም ሞተርም የሚያነሡት ክብደት ይቀንሳል፤ ሩቅ ለመሄድ ነዳጁን ሞልቶ መነሣት ይቸግራል። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ ለዓመታት ደብሊን እያረፈ ነዳጅ ሲሞላ፣ ሲመለስ ግን ዝቅ ካለ ቦታ ስለሚነሣ በቀጥታ ሲመጣ የኖረው ለዚህ ነው። መሄጃውንና መመለሻውን ለየብቻ ያስሉ፣ ከዚያ ይደምሩ።

ደረጃ 4፦ ነዳጁን አግኝቶ ለሰውና ለጭነት ማካፈል

የአንድን በረራ ነዳጅ አየር መንገዱ አይነግርዎትም። ነገር ግን ለየአውሮፕላኑ ዓይነት በየርቀቱ የሚቃጠለውን ነዳጅ የሚያሳዩ ሰንጠረዦች አሉ፤ የአውሮፓ የአካባቢ ኤጀንሲ ለልቀት ቆጠራ ያወጣው ሰንጠረዥና የኢካኦ ማስሊያ የዘዴ ሰነድ አባሪ በነፃ ይገኛሉ። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፦ የኢካኦ ማስሊያ ራሱ በመስመሩ ላይ የሚበሩትን አውሮፕላኖች አማካይ ስለሚያደርግ አየር መንገድን ከአየር መንገድ አይለይም። ሰንጠረዡን ይጠቀሙበት፣ ውጤቱን ግን ለውድድር አያቅርቡት።

አሁን አንድ በረራ እናስላ። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተያዙ ናቸው። ከቦሌ ፍራንክፈርት በቀጥታ የሚሄድ ባለ ሁለት መተላለፊያ አውሮፕላን፣ 24 የቢዝነስና 246 የኢኮኖሚ፣ በድምሩ 270 መቀመጫ አለው እንበል። የተቃጠለው ነዳጅ 33000 ኪሎ ነው። 216 ሰው ተሳፍሯል፤ 18ቱ ቢዝነስ፣ 198ቱ ኢኮኖሚ ናቸው። ከሆዱ 8000 ኪሎ ጭነት ይዟል።

ነዳጁን ሁሉ በሰው ብቻ ማካፈል ስሕተት ነው፤ ጭነቱም ድርሻ አለው። ስለዚህ በክብደት እናካፍላለን። እያንዳንዱ መንገደኛ ከነሻንጣው 100 ኪሎ ይያዝለታል። እያንዳንዱ መቀመጫ፣ ባዶም ቢሆን፣ 50 ኪሎ ይያዝበታል፤ ወንበሩ፣ ምንጣፉ፣ ማድ ቤቱና ሽንት ቤቱ የተሸከሙት ለሰው ነውና።

ሰው፦ 216 × 100 = 21600 ኪሎ
መቀመጫ፦ 270 × 50 = 13500 ኪሎ
የመንገደኛው ወገን ድምር፦ 35100 ኪሎ
ከጭነቱ ጋር፦ 43100 ኪሎ
የመንገደኛው ድርሻ፦ 35100 ÷ 43100 = 81.4 በመቶ
የመንገደኛው ነዳጅ፦ 26875 ኪሎ ገደማ
ካርቦን ዳይኦክሳይድ፦ 26875 × 3.16 = 84925 ኪሎ

ቀጥሎ ክላሱ ይመጣል። የቢዝነስ ወንበር ተዘርግቶ አልጋ ሲሆን የብዙ ሰው ቦታ ይወስዳል። ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር፣ አያታ፣ በሰፊ አውሮፕላን ላይ ኢኮኖሚን 1፣ ፕሪሚየም ኢኮኖሚን 1.5፣ ቢዝነስን 4፣ ፈርስት ክላስን 5 አድርጎ ይመዝናል፤ በጠባቡ፣ ባለ አንድ መተላለፊያ አውሮፕላን ላይ ደግሞ ቢዝነስ 1.5 ብቻ ነው። በዚህ ምሳሌ 198 + (18 × 4) = 270 ድርሻ ይሆናል። 84925ን ለ270 ስናካፍል የኢኮኖሚው ሰው 314.5 ኪሎ፣ የቢዝነሱ 1258 ኪሎ ይደርሰዋል።

የእንግሊዝ መንግሥት ለድርጅቶች የሚያወጣው መቁጠሪያ ግን በረጅም በረራ ቢዝነስን 2.9 አድርጎ ይይዛል። ያንኑ አውሮፕላን በዚህ ቢያሰሉት ኢኮኖሚው 339፣ ቢዝነሱ 984 ይሆናል። አየር መንገዱ አልተለወጠም፣ ነዳጁም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቁናው ነው።

የመቀመጫ ሙላትም ብዙ ያዛባል። ያው አውሮፕላን 162 ሰው ብቻ ይዞ ቢነሣ፣ 148 ኢኮኖሚና 14 ቢዝነስ፣ ቀለል ስላለ ነዳጁ ወደ 32000 ኪሎ ቢወርድ እንኳ የኢኮኖሚው ድርሻ 390 ኪሎ ይደርሳል። በ24 በመቶ ጨመረ ማለት ነው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ግማሽ ባዶውን የሚሄድ አባዱላ ነዳጁ በግማሽ አይቀንስለትም፤ አውሮፕላንም እንዲሁ ነው። የመስመሩን ሙላት ካላገኙ ከአየር መንገዱ ዓመታዊ ሪፖርት ይውሰዱ። እሱም ካልተገኘ ለሁለቱም ተወዳዳሪዎች 80 በመቶ ይያዙና፣ ከዚያ 70 እና 90 አድርገው ደግመው ያስሉ። ደረጃቸው በዚህ ከተገለባበጠ “አሸናፊ አለ” አይበሉ።

ደረጃ 5፦ ቀጥታ ወይስ ትራንዚት?

እኛ ዘንድ ትልቁ ልዩነት የሚገኘው በዚህ ጥያቄ ላይ ስለሆነ ጊዜ ይስጡት። ከቦሌ በዱባይ በኩል ፍራንክፈርት መሄድ 2520 ሲደመር 4840፣ በድምሩ 7360 ኪሎሜትር ያህል ነው። ከቀጥታው በ2000 ኪሎሜትር ይበልጣል። ጭማሪዎቹ ሲታከሉ ቀጥታው 5450፣ ትራንዚቱ 7560 ይሆናል፤ 39 በመቶ ገደማ ይረዝማል።

የቀጥታው የኢኮኖሚ መንገደኛ ከላይ 314.5 ኪሎ ደርሶታል። በ5350 ኪሎሜትር ሲካፈል በኪሎሜትር 59 ግራም ነው። በዱባይ በኩል የሚወስደው አየር መንገድ ከዚህ እኩል ለመሆን በኪሎሜትር ወደ 43 ግራም መውረድ አለበት፤ ማለትም በሁለቱም በረራዎች ላይ 27 በመቶ መሻል ይጠበቅበታል። አዳዲስ አውሮፕላን ይዞ፣ ወንበሩን ሞልቶ፣ በኪሎሜትር ያለው ቁጥር ከቀጥታው ያነሰ ሊሆን ይችላል። ሪፖርቱ ላይም “በመንገደኛ ኪሎሜትር እናንሳለን” ብሎ እውነት ይናገራል፤ ሰውየውን ፍራንክፈርት ለማድረስ ያቃጠለው ግን የበለጠ ነው። ስለዚህ የሚነጻጸረው በኪሎሜትር ያለው ግራም ሳይሆን የሙሉው ጉዞ ኪሎ ነው።

ሁለት ጊዜ መነሣትም ዋጋ አለው። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር የተጫነ አይሱዙ የነዳ ሾፌር በዚያ ዳገት የሚጠጣውን ናፍጣ ከሜዳው ጋር አያመሳስለውም። አውሮፕላንም ከመሬት ተነሥቶ አሥር ኪሎሜትር ከፍታ እስኪደርስ ያለው መውጣት ከሜዳው በረራ እጅግ ይበላል። አጭር በረራ በኪሎሜትር ሲታይ ሁልጊዜ የከፋ የሚመስለውም ስለዚህ ነው። የአገር ውስጥ መስመር የሚያበዛን አየር መንገድ ረጅም መስመር ብቻ ካለው ጋር በአማካይ ግራም ማወዳደር ፍትሕ የለውም፤ ተመሳሳይ ርቀት ያላቸውን መስመሮች መርጠው ያወዳድሩ።

ደረጃ 6፦ አየር መንገዱን በጠቅላላው ማየት

አንድ ጉዞ ሳይሆን ድርጅቱ ራሱ የሚመዘን ከሆነ ከዓመታዊ ሪፖርቱ አራት ቁጥሮች ይውሰዱ፦ የተቃጠለ ነዳጅ በቶን፣ የመንገደኛ ኪሎሜትር፣ የጭነት ቶን ኪሎሜትር፣ የመቀመጫ ሙላት። የመንገደኛ ኪሎሜትር ማለት አንድ የከፈለ ሰው አንድ ኪሎሜትር ሲጓዝ ነው።

ጭነት የሚያበዛ አየር መንገድ እዚህ ላይ በደል ይደርስበታል። ሁለት የማሳያ ድርጅቶች እንውሰድ። “ሀ” 2 ሚሊዮን ቶን ነዳጅ አቃጥሎ 50 ቢሊዮን የመንገደኛ ኪሎሜትርና 3 ቢሊዮን የጭነት ቶን ኪሎሜትር ሠራ። “ለ” 1 ሚሊዮን ቶን አቃጥሎ 42 ቢሊዮን የመንገደኛ ኪሎሜትርና 100 ሚሊዮን የጭነት ቶን ኪሎሜትር ሠራ። ልቀቱን በመንገደኛ ኪሎሜትር ብቻ ካካፈሉ “ሀ” 126 ግራም፣ “ለ” 75 ግራም ይሆናሉ፤ “ሀ” በ68 በመቶ የከፋ ይመስላል። አሁን አንዱን ሰው 100 ኪሎ አድርገን ሁሉንም ወደ ቶን ኪሎሜትር እንቀይር። “ሀ” 5 እና 3፣ 8 ቢሊዮን፤ “ለ” 4.2 እና 0.1፣ 4.3 ቢሊዮን። በቶን ኪሎሜትር “ሀ” 790፣ “ለ” 735 ግራም ሆነ። ልዩነቱ ወደ 7 በመቶ ወረደ። እንደ ኢትዮጵያ አየር መንገድ ሰፊ የጭነት ሥራ ያለውን ድርጅት በሁለተኛው መንገድ መመዘን ያስፈልጋል።

ዓመቱንም ያስተውሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በጀት ዓመት በሰኔ መጨረሻ ይዘጋል፤ የኤሚሬትስ በማርች መጨረሻ ይዘጋል፤ ብዙዎቹ የአውሮፓ አየር መንገዶች በዲሴምበር ይዘጋሉ። “የ2024 ሪፖርት” የሚለው ርእስ ያው ሆኖ ውስጡ ያለው አሥራ ሁለት ወር ግን የተለያየ ነው። መነሻ ዓመቱ እ.ኤ.አ. 2020 የሆነ ንጽጽርንም አይቀበሉ። በኮሮና ጊዜ አውሮፕላኖች ባዶ ስለበረሩ ከዚያ አንጻር ሁሉም ያሻሻለ ይመስላል፤ 2019ን ይጠይቁ።

በመጨረሻም ጠቅላላውን ቶን ይዩ። በኪሎሜትር 2 በመቶ ቀንሶ በረራውን 10 በመቶ ያሳደገ ድርጅት ወደ ሰማይ የሚልከው ጭስ ጨምሯል። ሁለቱም ቁጥሮች ጎን ለጎን ይጻፉ። የሚያድግ አፍሪካዊ አየር መንገድ እንዲያድግ እንፈልጋለን፤ ዕድገቱን ግን ስሙን ቀይረን ቅነሳ አንለውም።

ደረጃ 7፦ አዲሱ ነዳጅና ማካካሻው

ካገለገለ የምግብ ዘይት፣ ከሞራና ከመሳሰሉት የሚሠራው ዘላቂ የአቪዬሽን ነዳጅ ከምርቱ ጀምሮ ሲቆጠር ልቀትን እስከ 80 በመቶ ይቀንሳል ይባላል። “እስከ” የምትለው ቃል ላይ ቆም ይበሉ፤ በተጨማሪም ቁጥሩ የንጹሑ ነዳጅ ነው። 2 በመቶ የተቀላቀለበት አውሮፕላን የሚያገኘው ከ2 በመቶው 80 እጅ፣ ማለትም 1.6 በመቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ዓለም ከተጠቀመበት ጄት ነዳጅ ውስጥ ይህ ነዳጅ 0.3 በመቶ ብቻ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ከ2025 ጀምሮ በኤርፖርቶቹ ከሚቀርበው ነዳጅ 2 በመቶው፣ በ2030 ደግሞ 6 በመቶው ይህ ዘላቂ ነዳጅ እንዲሆን አስገድዷል። ስለዚህ ከፍራንክፈርት የሚነሣ ማንኛውም አየር መንገድ ይህን ድርሻ እንደ ራሱ በጎ ፈቃድ ሊቆጥረው አይገባም፤ ነጥብ የሚሰጠው ከግዴታው በላይ ለገዛው ነው። ያውም ስንት ቶን፣ ከምን የተሠራ፣ ማን ያረጋገጠው የሚለው ሲገለጽ።

ማካካሻን፣ ማለትም ልቀቱን ለማጣጣት ሌላ ቦታ ለዛፍ ተከላና ለመሳሰለው የሚከፈለውን፣ ከልቀቱ ላይ አይቀንሱ። ሌላ ዓምድ ይክፈቱለት። የኛ አገር ገበሬ ባሕር ዛፍ ተክሎ፣ ቆርጦ፣ ለአጠናና ለማገዶ ሸጦ ያውቃል፤ ዛፉ በዓመታት የሰበሰበው ካርቦን ምድጃ ሲገባ በአንድ ምሽት ይመለሳል። የተተከለ ዛፍ የሚያካክሰው ሳይቆረጥ ከቆየ ብቻ ነው፤ አውሮፕላኑ የለቀቀው ግን ዛሬውኑ ሰማይ ላይ ነው። “ኮርሲያ” የተባለው ዓለም አቀፍ ደንብም ቢሆን ከ2024 ጀምሮ አየር መንገዶች እንዲያካክሱ የሚጠይቀው የዓለም አቀፍ በረራዎች ልቀት ከ2019ኙ 85 በመቶ ሲያልፍ፣ ያለፈውን ብቻ ነው። “ደንቡን እናከብራለን” ማለት ነዳጅ ቀነስን ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 የአምስተርዳም ፍርድ ቤት የሆላንዱን አየር መንገድ የኬኤልኤምን አንዳንድ የአረንጓዴ ማስታወቂያዎች አሳሳች ናቸው ያለው በአዲሱ ነዳጅና በዛፍ ተከላ ላይ የቀረበው ሥዕል ከእውነታው ስለተጋነነ ነው።

ደረጃ 8፦ ነጩ መስመር

ሰማይ በጠራ ጧት ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ከአውሮፕላን ኋላ የሚዘረጋውን ነጭ መስመር ያውቀዋል። ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ውስጥ ከሞተሩ የሚወጣው እንፋሎት በረዶ ሆኖ ይሰፋል፣ የምድርንም ሙቀት እንደ ብርድ ልብስ ይይዛል፤ በተለይ ሌሊት። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ሰፊ ጥናት አቪዬሽን ከሚያመጣው ሙቀት ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ውጭ ካሉት እንደሆነ ገምቷል። የእንግሊዙ መቁጠሪያ ይህን ለማካተት ካርቦኑን በ1.7 ያባዛል። ማባዣው ለሁሉም አንድ ስለሆነ ግን አየር መንገድን ከአየር መንገድ አይለይም። በሪፖርትዎ በተለየ መስመር ያስቀምጡት፤ ከካርቦኑ ጋር ደባልቀው አንድ ቁጥር አያድርጉት።

ለላኪዎች፦ የጭነቱ ድርሻ

በደረጃ 4 ምሳሌ የ8000 ኪሎው ጭነት ድርሻ 6125 ኪሎ ነዳጅ፣ 19355 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ለአንድ ኪሎ ዕቃ 2.4 ኪሎ ደረሰው። እዚህ ላይ ላኪዎች ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ አለ። የካርጎ ሂሳብ የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ በይዘት ክብደት ነው፦ የካርቶኑ ርዝመት በወርዱ በቁመቱ በሴንቲሜትር ተባዝቶ ለ6000 ይካፈላል። 60 በ50 በ40 የሆነ የሹራብ ካርቶን 20 ኪሎ ተብሎ ይከፈልበታል፤ ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን 12 ኪሎ ነው። ለልቀት የሚያዘው ሚዛን ላይ የወጣው 12 ኪሎ ነው። ደረሰኙን ብቻ አይተው 20 የጻፉ እንደሆነ ልቀቱን በሁለት ሦስተኛ አበዙት።

የጊዜ ገደብ ካልገፋዎት አየር መንገድ ከመምረጥ በፊት መርከቡን ያስቡ። በኮንቴይነር መርከብ አንድ ቶን ዕቃ አንድ ኪሎሜትር ሲሄድ የሚያወጣው በአብዛኛው ከ20 ግራም አይበልጥም፤ በምሳሌያችን አውሮፕላኑ 450 ግራም ያህል አውጥቷል። የባሕሩ መንገድ እጥፍ ቢረዝም እንኳ በሁለት አየር መንገዶች መካከል የሚገኝ ልዩነት ይህን አያክልም።

እስከ ቦሌ ያለው መንገድ

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎሜትር ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ 2.7፣ አንድ ሊትር ቤንዚን 2.3 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። 14 ሊትር ናፍጣ የሚጠጣ ሚኒባስ 12 ሰው ይዞ ሲሄድ ለአንዱ ሦስት ኪሎ ገደማ ይደርሰዋል፤ ከበረራው አንድ በመቶ ነው፣ አያስጨንቅም። ኮንትራት መኪና ይዞ ብቻውን የሚሄድ ግን፣ መኪናው ባዶውን ስለሚመለስ፣ 26 ሊትር ቤንዚን ማለትም 60 ኪሎ ይቆጠርበታል። ይህ ከኢኮኖሚው የፍራንክፈርት በረራ 19 በመቶ ነው፤ አየር መንገድ በመምረጥ የተገኘውን ትርፍ ሁሉ መንገድ ላይ ሊጨርሰው ይችላል።

ከጭስ ውጭ ያለው

ዘላቂነት ጭስ ብቻ አይደለም። የሞተር ድምፅ፣ ከምግብ የሚተርፍ ፕላስቲክ፣ አውሮፕላኑ ቆሞ ሳለ ሞተሩን ከማስነሣት ይልቅ የኤርፖርቱን ኤሌክትሪክ መጠቀሙ፣ የሠራተኛው የእረፍት ሰዓት አብረው ይታያሉ። እነዚህን በነጥብ ለመደመር አይሞክሩ፤ “ገልጿል፣ በከፊል ገልጿል፣ አልገለጸም” ብለው ብቻ ይመዝግቡ። የተገለጸውን ደግሞ ገለልተኛ አካል አረጋግጦት እንደሆነ ከሪፖርቱ መጨረሻ ገጾች ያጣሩ።

ውጤቱን መጻፍ

የመጨረሻው ወረቀት ላይ ለየአየር መንገዱ እነዚህ ይኑሩ፦ የሙሉው ጉዞ ኪሎ በአንድ ሰው ወይም በአንድ ኪሎ ዕቃ፣ የተያዘው ማባዣ፣ የክላስ ሚዛኑ፣ የሙላቱ ግምት፣ የአውሮፕላኑ ዓይነት፣ ቁጥሩ የተወሰደበት ቀን። የነዳጅ ሰንጠረዡም የሙላቱም ግምት ስሕተት ስላላቸው ከ10 በመቶ ያነሰ ልዩነት ሲገኝ “እኩል ናቸው” ብለው ይጻፉ፤ ያኔ በዋጋና በሰዓት መምረጥ ነውር የለበትም። የበረራ ሰሌዳ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑዶች፣ ስለሚቀየር አውሮፕላኑም አብሮ ሊቀየር ይችላል። ከእነዚህ ቀናት በኋላ ደረጃ 2ን ደግመው ይጀምሩ፤ አውሮፕላኑ ያው ከሆነ የቀረው ስሌት እንዳለ ያገለግላል።